ኑማታን ያልነኩት ጥይቶች

ኤይኪቺ ኑማታ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ቶርኖ ላይ ቆሞ ለወተት ማሸጊያ ማሽን መለዋወጫ ሲያወጣ የኖረ ሰው ነው። ግራ ጆሮው ከፋብሪካው ጩኸት የተነሳ ደከም ብሏል፤ ጣቶቹ ግን ዛሬም የፀጉር ያህል ልዩነት አያመልጣቸውም። ሠርቶ ሲጨርስ "ጥሩ ሆነ" ብሎ አያውቅም። "ለጊዜው ይሄዳል" ነው የሚለው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጓሮው ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የጨዋታ ጠመንጃ ያበጃል፤ ያንን በአየር ግፊት አተር የምታክል የፕላስቲክ ጥይት የሚተፋውን። የጃፓኗ ቺባ ሰዎች እሁድ እሁድ ጫካ ገብተው በእሱ ሲታኮሱ ይውሉና ሲመሽ በሰላም ወደየቤታቸው ይገባሉ።

በዚህ ጨዋታ ማን እንደተመታ የሚናገረው ራሱ የተመታው ነው። ጥይቷ ስትነካው እጁን አንሥቶ "ተመታሁ!" ይላል፤ ከሜዳ ይወጣል። ተመትቶ ዝም የሚል ሰው ምሳ ላይ አጠገቡ የሚቀመጥ አያገኝም። ኑማታ በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ አንዲት ምት ደብቆ አያውቅም። እንዲያውም አንድ ጊዜ ቡድኑ ሊያሸንፍ ደቂቃ ሲቀረው፣ ማንም ሳያይ ጥይት የጫማውን ክር ነክታው "ተመታሁ!" ብሎ ወጣ፤ ቡድኑም በእሱ ምክንያት ተሸነፈ። ጓደኞቹ እስከ ዛሬ "የጫማ ክር" ይሉታል።

እሱ ራሱ ተኩስ አይሆንለትም። ተኳሿ ኩኒኮ ሃሴቤ ናት፤ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ። እሱ አጠገቧ ተኝቶ በሩቅ ማሳያው ያይላታል፤ እሷ ትተኩሳለች። እንዲህ እያሉ አሥራ ስድስት ዓመት አብረው ተጫውተዋል። ባለፈው ጥቅምት ግን ሃሴቤን ስትሮክ መታት። እግሯ ተመለሰ፣ አፏም ተመለሰ። ቀኝ እጇ ግን ከሻይ ስኒ ያለፈ ማንሣት አልቻለም። የእሷ ዓይነት ጠመንጃ ደግሞ ለእያንዳንዷ ጥይት በኃይል ተስቦ መቀባበል አለበት።

በጥር መጀመሪያ ደወለችለት፤ እንደ አገሩ ወግ ስሙ ላይ የአክብሮት "ሳን" ጨምራ ጠራችው።

"ኑማታ ሳን፣ እስከ የካቲት መጨረሻ የማቀባብለው ጠመንጃ ካላገኘሁ ዕቃዬን በሙሉ ለሰው እሰጣለሁ። ጓዳ ተቀምጦ አቧራ ሲጠጣ ማየት አልችልም።"

"ስጪ እንጂ፣ ማን ይቀበልሻል" አላት። ስልኩን እንደዘጋ ወደ ቆርቆሮ ክፍሉ ገባ።

አምስት ሳምንት ፈጀበት። የመቀባበያውን እጀታ ወደ ግራ አዞረው። እጇ እንዳይንሸራተት ጫፉ ላይ እንቁላል የምታክል የእንጨት ድቡልቡል በቶርኖ አውጥቶ ገጠመለት። ሰደፉን በሞረድ እየላገ አቀለለው። ሲቀባበል የሚሳበውን ሞላ ግን ከማላላት በቀር ምንም ማድረግ አልቻለም፤ ሞላው ሲላላ ደግሞ ጥይቷ አቅም ታጣለች። ዕድሜውን ሙሉ ጠመንጃ ሕጉ እስከሚፈቅደው ጫፍ ድረስ ሲያጠነክር ኖሮ፣ አሁን እንዲያደክም ተገደደ።

የካቲት ውስጥ አንድ ማክሰኞ፣ ጨዋታ በሌለበት ቀን፣ ሁለቱ ወደ ሜዳው ሄዱ። የሜዳው ባለቤት ወይዘሮ ቶጋሺ በር ከፍታ ጠበቀቻቸው፤ እንደ ወትሮው ጠመንጃውን በፍጥነት መለኪያው ላይ አስተኮሰችው። ቁጥሩን አይታ ሳቀች።

"ከሚፈቀደው ግማሽ! ጌታው፣ በዚህ ትንኝ እንኳ ብትመታ ይቅርታ ጠይቃህ ትሄዳለች።"

"ለጊዜው ይሄዳል" አለ ኑማታ።

ሠላሳ ሜትር ላይ የተሰቀለውን ብረት ሃሴቤ ሦስቴ አስጮኸችው። በግራ እጇ ትስባለች፣ ትተነፍሳለች፣ ትተኩሳለች። ፊቷ ግን አልተፈታም።

"ብረት ይጮሃል፤ ሰው ነው ችግሩ" አለች። "ሰው በዚህ ብርድ ወፍራም ጃኬት ለብሶ ይመጣል። ካልተሰማው 'ተመታሁ' አይልም፣ ጥፋትም የለበትም። አርባ ሜትር ላይ ማወቅ አለብኝ። አንተ ሂድና ቁም።"

"እኔ?"

"ከመለኪያው ይልቅ የአንተን አፍ ስለማምን ነው፣ የጫማ ክር።"

ኑማታ የዓይን መከላከያውንና የፊት መሸፈኛውን አድርጎ፣ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ አርባ ሜትር ርቆ ጀርባውን ለቀርከሃው ሰጥቶ ቆመ። አሥር ጥይት ትተኩሳለች።

የመጀመሪያዋ ደረቱን ነካ አደረገችው። "ተመታሁ!" አለ ከልቡ ደስ ብሎት። ሁለተኛዋ ከጉልበቱ በታች መሬት ወረደች። ሦስተኛዋም እንዲሁ። አራተኛዋ ስትመጣ ነፋስ ወሰዳት፤ ከኋላው ቀርከሃው ላይ ጠቅ ስትል በደህና ጆሮው ሰማት። ወዲያ ማዶ ሃሴቤን አያት። በደካማው እጇ ላይ ተደግፋ፣ አገጯን ሰደፉ ላይ አስተኝታ ትጠብቃለች። እሁድ ከእሱ ጎን ሳሩ ላይ ማንም ሳይኖር ታየው።

"ተመታሁ!" አለ።

አንዴ ከአፉ ከወጣ በኋላ ቀለለው። አሥሩ ሲያልቅ ሰባት ጊዜ ጮኾ ነበር።

ሲመለስ ሃሴቤ ጠመንጃውን ወደ ቦርሳው እየከተተች አገኛት።

"ስንት ነካህ?"

"ሰባት።"

"አራተኛዋ በግራ ትከሻህ በኩል አልፋ ቀርከሃ መታች። ይህ ጠመንጃ የማነጣጠሪያ መነጽር እንዳለው ረሳኸው? ራስህ እኮ ነህ የገጠምከው!"

ኑማታ የፊት መሸፈኛውን አወለቀ።

"እኔ የቆጠርኩት ሦስት ነው።"

"ሦስት" አለ። "ምናልባት አራት።"

"'ምናልባት' ማለት ደግሞ መቼ ተማርክ?" አለችው። "ተመትቶ ከሚደብቅ ሰው ጋር ምሳ አልበላም። ሳይመታ ከሚጮህስ? ሆስፒታል ሁሉም ሰው 'ጎበዝ፣ ጎበዝ' ሲለኝ ነው የከረመው፤ ማንኪያ ባነሣሁ ቁጥር! አንተም?"

ቶጋሺ ሁለት ሳህን የካሪ ሩዝ ይዛ መጥታ ነበር፤ የሁለቱን ፊት አየችና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ተመለሰች። ሃሴቤ ጀርባዋን ሰጥታው በላች። ኑማታ አልበላም።

"እሁድ ብቻዬን መምጣት ፈርቼ ነው" አለ በመጨረሻ፣ ለሳህኑ ይመስል።

ሃሴቤ ማኘኳን አቆመች።

ተነሥቶ ጠመንጃውን ከቦርሳው አወጣ። የጥይቱን መያዣ መዳፉ ላይ ገለበጠና አንዷን በጣቶቹ መካከል አሻት። ደነገጠ። ከባድ የሆኑት ጥይቶች ናቸው፤ ሃሴቤ ድሮ በጠንካራው ሞላ የምትተኩሳቸው። አምስት ሳምንት ሙሉ ሁሉን ነገር ሲቀይር፣ ጥይቱን እጁ እንደለመደው ሞልቶ ነው የመጣው።

"ቶጋሺ ሳን! ቀለል ያለ ጥይት አለሽ?"

"ለጀማሪዎች የማከራየው አለ።"

"አምጪው።"

እሱ ራሱ ደርዘን ያህል ወደ ሜዳው ተኮሰ፤ በትንሿ ካቻቢቴ፣ በጠመንጃው ውስጥ ጥይቷን እያሽከረከረች የምታርቀውን ጎማ አላላ፣ አጠበቀ፣ ደግሞ ተኮሰ። ከዚያ መጥቶ ፊት ለፊቷ ቆመ።

"አርባ አይደርስም። ይደርሳል ያልኩሽ ውሸት ነው። ነፋስ ከሌለ ሠላሳ አምስት። ከዚያ በላይ ከእኔ እጅ አይወጣም።"

ሃሴቤ አፏን ጠረገች።

"አምስቱን ሜትር እኔ በደረቴ እሳባለሁ።"

"ክንድሽስ?"

"ክንዴን ምን አገባህ? ሂድና ቁም!"

ሠላሳ አምስት ሜትር ላይ ቆመ። የመጀመሪያዋ በጆሮው አጠገብ አለፈች። ዝም አለ። ዝምታው ከባድ ነበር፤ ከንፈሩን ነክሶ ቆመ። ሁለተኛዋ ጫማው ፊት ወደቀች። ዝም አለ። ሃሴቤ ቀና አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ስትስቅ አያት። በግራ እጇ ስባ አቀባበለች፤ ሦስተኛዋ ክንዱ ላይ፣ ልክ ሰው በጣቱ እንደሚጠራው፣ ነካ አደረገችው።

"ተመታሁ!"

ከአሥሩ ስድስት ሆነ። በእርሳስ ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

"ምናልባት ሰባት?" አለችው።

"ስድስት።"

ጠመንጃውን ሊሸከምላት እጁን ሲዘረጋ ገፋችው። ቶጋሺ የእሁድ ተጫዋቾችን ስም ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ስልክ ታወራለች። ሃሴቤ እስክሪብቶውን አንሥታ በግራ እጇ ስሟን ጻፈች፤ ፊደሎቹ ተንጋደው መስመሩን አልፈው ሄዱ። ከዚያ የእሱንም ከሥሯ ጻፈችና ወረቀቱን ገፋ አደረገችለት።

"ይነበባል?"

ኑማታ ጎንበስ ብሎ አየው።

"የአንቺ ይነበባል" አለ። "የእኔን አበላሽተሽዋል።"