የዘይቱን ቅጠልና የአክስቴ ክኒን

በቅን ልብ ያስረዳችሁት ነገር ሰው ቤት ገብቶ ሌላ መልክ ይዞ ጠብቋችሁ ያውቃል? እኔን ባለፈው ቅዳሜ ገጥሞኛል። የስኳር ሕመም ያለባቸው አክስቴ ክኒናቸውን ትተው የዘይቱን ቅጠል ሻይ መጀመራቸውን በስልክ ስሰማ፣ የባዮሎጂ መምህርት ነኝና፣ ሰበቡ የኔው ማብራሪያ መሆኑ ወዲያው ገባኝ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ሳሪስ

ሚኒባሱ እስኪሞላ ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት መታጠፊያ ላይ ምሳ የቋጠሩ ሴቶች ወረዱ። እኔ በበዓል ቀን ለአክስቴ ያልኩትን እያስታወስኩ ነበር፦ በዘይቱን ቅጠል ውስጥ ያሉ ፖሊፌኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ስታርችን ወደ ስኳር የሚቆራርጠውን ኢንዛይም ይይዙታል፤ ስኳሩም ወደ ደም ቀስ ብሎ ይገባል። ያን ቀን ግን “ቀስ ብሎ” የምትለዋን ሳልዘላት አልቀረሁም።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ አቃቂ

ከባጃጅ ስወርድ አክስቴ ግቢያቸው ካለው የዘይቱን (ጓቫ) ዛፍ ቅጠል ይለቅማሉ። አጠገባቸው ግማሹ የተጠጣ ትልቅ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አለ። ጥሙ እንደጸናባቸው በስልክ አልነገሩኝም።

“ክኒኑን ለምን ተዉት?”

“አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽኝ? ጎህ ሲቀድ በባዶ ሆዴ የቅጠሉን ሻይ አንድ ብርጭቆ እጠጣለሁ። እንደ ኮሶ።”

“ቁርስስ?”

“አራት ሰዓት።”

ክው አልኩ። እኛ ቤት መድኃኒት በባዶ ሆድ ነው። ይህ ቅጠል ግን ሥራ የሚያገኘው ከምግብ ጋር ሲገናኝ ነው፤ አክስቴ እስኪበሉ አልፎ ይሄዳል።

ደረቅ ዳቦ ቆርሼ ሰጠኋቸው። “ሳይውጡ ያላምጡት።”

“ጥርሴን ልትጨርሺው ነው?” አሉ። ጥቂት ካላመጡ በኋላ ቅንድባቸው ተነሳ። “ስኳር ጨምረሽበታል እንዴ?”

“ከራስዎ መሶብ ያነሳሁት ነው። ምራቅዎ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ነው ስኳር ያደረገው።”

ቀጥሎ በቅጠሉ ሻይ ተጉመጥምጠው ሌላ ቁራሽ ያዙ። ረጅም ጊዜ አላመጡ።

“ጣፋጩ ዘገየ” አሉ። እንደገና አላምጠው፣ “ግን አልቀረም።”

“አዎ፣ አክስቴ። ማዘግየት ብቻ ነው የሚችለው።”

ብርጭቆውን አስቀምጠው ነጠላቸውን አነሱ።

ስድስት ሰዓት፣ ጤና ጣቢያ

ነርሷ ከጣታቸው ደም ወስዳ ለካች፤ መለኪያውን አየችና ደግማ ለካች። አክስቴ ቁጥሩን አልጠየቁም። ሐኪሙ ክኒኑን ዛሬውኑ እንዲጀምሩ፣ ቅጠሉን ሳያማክሩት እንዳይደርቡበት፣ ሰኞም እንዲመለሱ አዘዛቸው። ስንወጣ ክንዴን ያዙ።

“ሌላ ጊዜ ስታስረጂኝ እስከ መጨረሻው አስረጂኝ።”

አሥር ሰዓት ላይ ሳሪስ ገባሁ። ያስተማርኩት ነገር ሰው በለመደው መንገድ እንደሚወሰድ ያን ቀን ተማርኩ፤ አወሳሰዱን ጠይቆ ማወቅም የአስተማሪው ሥራ ነው። እናንተም ደረቅ ዳቦ አላምጡ፤ ከዚያ ስኳር በሌለው ወፍራም ሻይ (እሱም ፖሊፌኖል አለው) ተጉመጥምጣችሁ ድገሙት፤ ጣፋጩ እስኪመጣ ሰዓት ያዙ። ቤታችሁ የስኳር ክኒኑን የተወ ሰው ካለ እሱም አብሯችሁ ያላምጥ፤ ቅጠል ማዘግየት እንጂ ማስቀረት እንደማይችል በራሱ አፍ ቀምሶ ወደ ሐኪሙ ይመለስ።