እስስት ያስጠጋች እናት

ባኩሊ በሰው ነገር የማትገባ ሴት ነበረች። ወደ ማዳጋስካር የወደብ ከተማ ወደ ቱአማሲና በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጫካው አፍ ላይ፣ ሙዝና የተቀቀለ ለውዝ ትሸጣለች። ባሏን ቀብራለች፣ አንዲት ልጇን ሃይንጉን ድራለች። ሐሜት ከተጀመረ "እኔ እንጃ" ብላ ትነሳለች። እንዲህ ያለችው ሴት ናት እንግዲህ መንደሩን በሙሉ በራሷ ላይ ያስነሳችው፣ ያውም በእስስት!

እስስቱ የጎረቤቷ የማናና ነበር። ማናና እግሩን በክር አስሮ እንጨት ላይ ያስቀምጠውና ቱሪስት ሲመጣ ፎቶ ያስነሳበታል። መንደርተኛው መዓት ያመጣል ብሎ እስስት በእጁ አይነካም፣ ጣቱንም አይቀስርበትም። ማናና ግን ሆድ ሳይሞላ ምን ወግ አለ ባይ ነው። ዝናቡ ገብቶ ቱሪስት ሲጠፋ እንስሳውን ቅርጫት ውስጥ ትቶት ሥራ ፍለጋ ከተማ ገባ። ባኩሊ ቅርጫቱ ውስጥ አንድ ነገር ሲጫጫር ሰማችና ክዳኑን ከፈተችው። ቆዳው ጠቁሯል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ክሩ እግሩን በልቶ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ፈራች። ክዳኑን መልሳ መሄድ ግን አቃታት።

በእጇ አልነካችውም። በትር ስታስጠጋለት እሱው ራሱ ወጣበት፤ ክሩን በምላጭ በጠሰችው። ቤት አስገብታ፣ ከምድጃው ራቅ አድርጋ ቅርንጫፍ ተከለችለት። ከዚያም ለእንግዳ የሚቀርበውን፣ ድስት ሥር ባረረ ሩዝ ላይ የሚፈላውን ውኃ በሳህን አቀረበችለት።

"ጠጣ እንጂ! ኩራትህ ነው የሚገድልህ" አለችው።

እሱ ግን ዘወር ብሎም አላየው። ቀን በቀን ታቀርባለች፣ ቀን በቀን ትደፋለች። ሊሞትብኝ ነው ብላ ተስፋ በቆረጠችበት ቀን ዝናቡ በሣር ጣራው አንጠበጠበ፤ ጠብታው ፊቱ ካለው ቅጠል ላይ ሲያርፍ እስስቱ አፉን ከፈተ። ለካ እሱ የሚጠጣው የሚንጠባጠብ ውኃ ነው! በእንግዳ ወግ ስታስተናግደው በጥም ልትገድለው ነበር። ከዚያ ወዲያ ያ ቀዳዳ እንዲደፈን አልፈቀደችም። ለራሷ ጠብሳ ከምትበላው አንበጣም ከነሕይወቱ ታካፍለው ጀመር። ቆዳው አረንጓዴ እያለ መጣ። እግሩ ግን ገና ቅርንጫፍ አይጨብጥም ነበር።

በዚህ መሃል ሃይንጉ ለመውለድ እናቷ ቤት ልትመጣ ነው ተባለ። የመጀመሪያው ጨንግፎባት ስለነበር ባኩሊ ይህን ቀን በጸሎት ነው የጠበቀችው። ወሬውን የሰማ የባኩሊ ታናሽ ወንድም ቱቩ ገስግሶ መጣ።

"እትዬ፣ አብደሻል እንዴ?" አለ በሩ ላይ ቆሞ። "ነፍሰ ጡር በምትገባበት ቤት እስስት?"

"ምን አደረገህ? አንበጣ ነው የሚበላው፣ አንተን አይበላም።"

"ቀልድሽን ተይ። ይቺ ልጅ አንዱን አጥታለች። ይሄኛውም አንድ ነገር ቢሆን ማን ሊጠየቅ ነው?"

"እግሩ እስኪድን ብቻ..."

"የሱ እግር ይበልጣል የልጅሽ ሆድ?"

በማግስቱ ባኩሊ እስስቱን በበትሩ ላይ አድርጋ ጫካ ወሰደችው። ወደ ዛፉ ሊሻገር ይሞክራል፣ የታመመው እግሩ ይንሸራተትበታል። ደጋግሞ ሞከረ፣ አልሆነም። በመጨረሻ በትሩን ከነእሱ ዛፉ ላይ አስደግፋ ተመለሰች። መንገዱን ሙሉ አለቀሰች፤ ለእስስት ማልቀሷም አሳፈራት።

ጣራውን አስደፍና፣ ወለሉን አጥባ ልጇን ተቀበለች። ምጡ ረዘመ። ልጁ ሳይተነፍስ ወጣ። አዋላጇ "እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ነው፣ የማንም ጥፋት አይደለም" አለች። ማን ሰምቷት፤ መንደሩ በሙሉ በባኩሊና በእስስቷ አሳበበ። ጥርስ ያላወጣ ልጅ ከአያቶቹ መቃብር አይገባምና፣ ቱቩ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ረግረጉ ዳር ቀበረው። ለእንዲህ ያለ ልጅ ለቅሶም አይቀመጡለት።

ሃይንጉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

"እማ፣ እዚህ ቤት እስስት ነበር ይላሉ። እውነት ነው?"

ባኩሊ መዋሸት ትችል ነበር። ግን አልሆነላትም።

"ነበር። ሳትመጪ ነው ያወጣሁት።"

"ነክተሽዋል?"

"በእጄ አልነካሁትም።"

"እንደምመጣ እያወቅሽ ለምን አስገባሽው?"

"ልጄ፣ ሊሞት ነበር እኮ።"

ባኩሊ የመንደሩን ወቀሳ ትችለው ነበር። ያልቻለችው ሌላ ነው፤ እሷም ራሷ በልጅነቷ የሰማችውን ሁሉ ታስታውሳለች፣ እኔ እሆን እንዴ እያለች ትጠረጥራለች። አዋላጇ ያለችውን ለራሷ ደጋግማ ነገረች፣ ግን አልገባ አላት።

የልጇ ጡት ወተት አግቶ ቀሚሷ ርሶ ነበር። ባኩሊ ጨርቅ በሞቀ ውኃ ነክራ ልትይዝላት ጎንበስ አለች።

"በዚያ እጅሽ አትንኪኝ" አለች ሃይንጉ።

ባኩሊ ጨርቁን ልጇ ከምትደርስበት ቦታ አስቀምጣ ወደ ውጭ ወጣች።