ፋኖሱን ያልተከተለ ብርሃን

ከፋኖስ ወጥቶ፣ ግድግዳ ነክቶ፣ ተመልሶ ሰው ፊት ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ስልክ ብቻውን ማስላት አይችልም። ልሞክር ቢል ይግላል፣ ምስሉም ይንቀራፈፋል። ስለዚህ እኔና ጓደኛዬ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤዝመንት ውስጥ በሠራነው ጌም ላይ ስሌቱን ለክላውድ ሰጠነው። ሩቅ ያለ ሰርቨር ያሰላና ብርሃኑን በኢንተርኔት ይልክልናል። ይህንን ብቻዬን ለመማር ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ጌሙን ሊገዙ ያሰቡ አንድ ያገራችን ሰው እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ያለው ቢሯቸው ጠሩን። ስልኩን ሰጠናቸው። በጌሙ ውስጥ ያለው ሰው ፋኖሱን ሲያነሳ ግድግዳው ላይ ያለው ብርሃን ንቅንቅ አላለም። ጓደኛዬ ሳይነግረኝ ክላውዱን አጥፍቶ፣ ብርሃኑን እንደ ቀለም ግድግዳው ላይ ለጥፎት ኖሯል።

"እስኪ ረጋ ብዬ ልየው፤ ውጭ ጠብቁኝ" አሉን።

ፓርኪንጉ ላይ ጓደኛዬን ለምን እንዲህ እንዳደረገ ስጠይቀው ሳቀ።

"የቢሮው ኢንተርኔት ተቆራርጦ ቢያዋርደንስ? ደግሞ ካንተ በቀር ማን ያየዋል፣ አንተ የጥላ ቄስ!"

አፉን በቡጢ መታሁት። ጥርሱ ጣቴን ቀደደው። እሱም በክርኑ አፍንጫዬን ሰበረው፤ ሲሰበር ድምፁን ሰምቻለሁ። ተያይዘን ወደቅን፤ ከላዩ ሆኜ ጭንቅላቱን ሁለት ጊዜ ከአስፋልቱ ጋር አጋጨሁት።

"ልጆች" አሉ ሰውየው፣ ስልኩን እያዩ ከበሩ ሲወጡ። "ሁሉንም ወድጄዋለሁ። ግን ፋኖሱ ሲነሳ ግድግዳው ለምን..."

ቀና ብለው ደማችንን አዩ። ስልኩን ደረጃው ላይ በቀስታ አስቀምጠው ተመለሱ፤ በሩንም ከውስጥ ቆለፉት። እጄ የጓደኛዬን ፀጉር ገና አልለቀቀም ነበር።