ያልነጋው ዓርብ

ፔሌናቴቴ በሳሞአ ዋና ከተማ በአፒያ፣ የነርሶች የአገልግሎት ዘመን በሚያዝበት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጣለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሦስት ወንበር ሰብራለች፣ አምስት አለቃ ሸኝታለች። ያዘነችው ለወንበሮቹ ነው።

ሥራዋ መስፋት ነው። ልብስ ሳይሆን ቀን ትሰፋለች። የአንድ ነርስ ዕድሜ ወደ እሷ ዘንድ የሚመጣው ተቆራርጦ ነው፤ የስድስት ወር ኮንትራት፣ ማራዘሚያ፣ ዝውውር፣ ደግሞ ሌላ ማራዘሚያ። አንዱ ዛሬ አልቆ ሌላው ነገ ከጀመረ ሁለቱ አንድ ናቸው። በመካከላቸው አንዲት ቀን ከገባች ግን ክሩ ተበጥሷል፤ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ድሮ ይህን የምትሠራው ካርዶቹን ወለል ላይ ደርድራ፣ ከባሕር የሚመጣው ነፋስ እንዳይበትናቸው በየዳሩ የቆርቆሮ ሥጋ እየጫነች ነበር። አመሻሽ ላይ ካርዶቹን ትሰበስባለች፤ ጣሳዎቹም አንድ በአንድ ወደ ቤቷ ይሄዳሉ። መንግሥት ስለ ጣሳዎቹ ጠይቆ አያውቅም።

ከዚያ አላፓቲ መጣ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ኦክላንድ ተምሮ የተመለሰ ስድስተኛ አለቃዋ። ይዞ የመጣው የኮምፒዩተር ሰንጠረዥ የእያንዳንዱን ረድፍ መጨረሻ ቀን ከቀጣዩ መጀመሪያ ጋር እያስተያየ፣ የተከታተሉትን በአንድ ቀለም ይቀባል። የተቋረጠ ሲያገኝ ቀለም ይለውጣል። ስምንት መቶ ነርስ በአንድ የዓይን ጥቅሻ! ፔሌናቴቴ መጀመሪያ ያየችው ቀን አፏን ይዛ ቀረች። ዝናብ ያባራበት የአፒያ ሰማይ ከነቀስተ ደመናው ወርዶ የኮምፒዩተሩ መስተዋት ላይ የተኛ ነው የመሰላት።

«ይሄ ነገር ሻይ ይጠጣል?» አለችው።

«አይጠጣም፣ እትዬ ፔሌ።»

«ምሳ ይበላል?»

«አይበላም።»

«ታዲያ ምን ደስ ብሎት ነው እንደዚህ የሚያጌጠው?»

እንዲህ ባለ ሰላም ስድስት ወር ኖሩ። በ2021 ኦገስት ላይ ቲሎማይ መጣች።

ቲሎማይ ነርስ ናት። ሁለት ልጆቿ በሳቫይ ደሴት እናቷ ዘንድ ያድጋሉ፤ እሷ አፒያ ትሠራለች። ቅዳሜ በጀልባ ትሻገራለች፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትመለሳለች። ትንሹ ልጇ በቅርቡ ለጎረቤት ሲያስተዋውቃት «ይቺ የቅዳሜዋ ናት» ብሏል። አሁን ከእናቷ ቤት የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ያለው ጤና ጣቢያ አንድ ቦታ ተከፍቶለታል። ደንቡ፣ አሥር ዓመት ሳያቋርጥ ያገለገለ ነርስ ቅድሚያ አለው ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ካልተገኘ ቦታው ለአዲስ ተመራቂ ይሰጣል። ነባሮቹ ነርሶች ከአፒያ አንነቃነቅም ብለው አስቀድመው ፈርመዋል። ዝርዝሩ የሚዘጋው በማግሥቱ ነው።

ቲሎማይ ትኩስ ፓኒኬኬ፣ በዘይት የተጠበሰ ድቡልቡል ሊጥ፣ በከረጢት ይዛ ገባች፤ የከረጢቱ ወረቀት በዘይቱ ርሷል። ዓይኗ ግን ቀልቷል።

«እትዬ ፔሌ፣ ዘጠኝ ዓመት ከሰባት ወር ነው ያለሽ አሉኝ። እኔ እኮ በ2011 ጁን መጨረሻ ነው የገባሁት! አሥር አልፎኛል!»

«አልቅሰሽ ጨርሰሻል ወይስ ገና ነሽ?»

«ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያው ተቀመጪ። ፓኒኬኬውን ወዲህ አምጪው፣ በሐዘን እንዳይቀዘቅዝ።»

የቲሎማይን ረድፎች አወጣች። የመጀመሪያው ብቻውን ቢጫ ነው፤ የቀረው ሁሉ አረንጓዴ። ቢጫው ዲሴምበር 29 ያልቃል፣ አረንጓዴው ዲሴምበር 31 ይጀምራል። በመካከሉ አንዲት ቀን፣ ዲሴምበር 30፣ ጎድላለች።

ፔሌናቴቴ ማኘኳን አቆመች። ያን ረድፍ የጻፈችው ራሷ ናት፤ እንደዚያ የጻፈችውም አውቃ ነው።

«እባክሽ፣ 31ዱን 30 አድርጊው፤» አለች ቲሎማይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አንድ ጣት ነው። ማን ያያል?»

እውነትም አንድ ጣት ነበር። ፔሌናቴቴ የመንግሥትን የቆርቆሮ ሥጋ በልታለች፤ በሥራ ሰዓት አንቀላፍታለች፤ የአራተኛውን አለቃ ደብዳቤ በስሕተት ሳይሆን ሆን ብላ ለሦስት ወር መሳቢያ ውስጥ አስተኝታለች። ቀን ግን ለውጣ አታውቅም። ጣቷ ከቁልፉ በላይ ጥቂት ቆየና ተመለሰ።

«አይሆንም። እግዜር ራሱ ባልከፈተው ቀን ሠርታለች ብዬ ልጻፍ? ነይ፣ ልጁ አለቃዬ ዘንድ እንሂድ።»

አላፓቲ ከመስተዋቱ ቀና አላለም። «እትዬ ፔሌ፣ ሰንጠረዡ አያዳላም። አንድ ቀን ጎድሏል። ምክንያቱ ሕመም፣ ፈቃድ ወይም ያለ ፈቃድ መቅረት ነው። አንዱን ይምረጡልኝና ልሙላው።»

«በዚያ ቀን የት ነበረች ብለህ ነው?»

«እሷ ትንገረን እንጂ።»

«አንተስ? ዲሴምበር 30፣ 2011፣ ዓርብ። የት ነበርክ?»

አላፓቲ አሰበ፤ ፈገግም አለ። «ኦክላንድ። የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር። ከጓደኞቼ ጋር ባሕር ዳር ዋልን።»

«እንኳን ዋላችሁ! እዚህ ቢሮ ውስጥ ያቺን ቀን ያየህ አንተ ብቻ ነህ። እኛ ሐሙስ ተኝተን ቅዳሜ ነው የነቃነው። አገሩ በሙሉ ዓርብን ከቀን መቁጠሪያው ሰርዞ ዓለም አቀፉን የቀን መስመር የተሻገረ ጊዜ ነው፣ የእናንተን የኦክላንዶቹን ቀን ለመያዝ! የጋብቻችን ቀን ነበር፤ በዚህ ሁሉ ዓመት ባሌ ያለ ጥፋቱ የረሳው ያንን ብቻ ነው። አሁን ይቺን ሴት ባልነጋ ቀን ቀረሽ ትላታለህ?»

የአላፓቲ ፊት ቀስ በቀስ ቀላ። ነገሩን ያውቃል፤ የማያውቅ ሳሞአዊ የለም። ቀለሙን እያየ ቀኑን ሳያይ ቀርቶ ነው። አንድ ሕዝብ ሙሉ ተኝቶ ዓርብን እንደ ኩሬ ዘልሎ ቅዳሜ ላይ ማረፉ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በአንዲት ነርስ ረድፍ ላይ ቢጫ ሆኖ መቅረቱ፣ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አስነሣው።

«ለእሷ ብቻ ማስተካከል ግን አልችልም፤» አለ በመጨረሻ። «የሰንጠረዡን ሕግ ካስተካከልኩ ለሁሉም ነው።»

«ለሁሉም አድርገው። ያቺን ቀን በመካከል ስታገኝ አትቁጠራት በለው። ይሄን እንኳን ይረዳ የለም?»

ጻፈ፣ አንድ ቁልፍ መታ። ቢጫው ወደ አረንጓዴ ተለወጠ። ቲሎማይ ጮኸች። አላፓቲ ግን ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ላይ አመለከተ። ከቲሎማይ ስም በላይ ሌላ ስም ብቅ ብሏል፤ ኤኔሊኮ። እሱም በስድስት ስድስት ወር ኮንትራት ይጎተት የነበረ ነርስ ነው። ያችው ዓርብ ሁለት ላይ ሰንጥቃው ኖሮ አሁን ሲገጣጠም አሥራ ሁለት ዓመት ሆነ።

«ቅድሚያው የእሱ ነው፤» አለ አላፓቲ፣ ሳይወድ በግዱ።

ቲሎማይ ተቀመጠች። ለሁሉም አድርገው ያለችው ፔሌናቴቴ ናት። ስልኩን አነሣችና ወደ ሆስፒታሉ ደወለች፣ ሁሉም እንዲሰማው ድምጹን ከፍታ።

«ኤኔሊኮ፣ እንኳን ደስ ያለህ። በአንድ ቁልፍ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልተሃል። ሳቫይ ውስጥ ቦታ አለ፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው አንተ ነህ።»

«ሳቫይ የት?» አለ ድምጹ በጥርጣሬ።

መንደሩን ነገረችው።

«እትዬ ፔሌ፣ እዚያ መንደር ማን እንዳለ ያውቃሉ?»

«ማን አለ?»

«አማቴ! በእኔና በእሷ መካከል እግዚአብሔር ይህን ሁሉ ባሕር አኑሯል። እኔ ማን ነኝና የሱን ሥራ አፈርሳለሁ?»

«በጽሑፍ ትተወዋለህ?»

«በደምም ቢሆን! አሁኑኑ መጣሁ። ወረቀቱን አዘጋጁት፤ ሚስቴ ግን እንዳትሰማ።»

በሃያ ደቂቃ ውስጥ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ እያለከለከ መጣ፤ ሳያነብ ፈረመ፤ የቀረውን ፓኒኬኬ አንሥቶ ወጣ። አላፓቲ የቲሎማይን ደብዳቤ አተመ። እሷ ደብዳቤውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ በረንዳው ወጣችና ለእናቷ ደወለች። ጩኸቷ በመስኮቱ ገባ።

«እማ! ለልጆቹ ንገሪልኝ፣ የፊታችን እሑድ አልመለስም! ... ኧረ አላበድኩም! ... አዎ፣ ሰኞም እዚያው ነኝ! ማክሰኞም!»