ሦስተኛው ዐምድ

ኤርካሎ ሰው ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን አይደለም፤ በመጽሔት ገጽ ላይ ስንት ዐምድ እንደሚይዝ ነው። ብቻውን የቆመ ሰው አንድ ዐምድ፣ እጅ ለእጅ የተጨባበጡ ሁለት፣ የክብር እንግዳ ከሆኑ ደግሞ ሞሉትም አልሞሉትም ሦስት። ሶዶ ውስጥ፣ ስሙን ባልጠራው የሚሻል አንድ መሥሪያ ቤት አለ፤ በዓመት አራት ጊዜ መጽሔት ያወጣል። ኤርካሎ የዚያን መጽሔት ገጽ ማቀናበር ከጀመረ ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጸጉሩ ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ መነጽሩ ወፍሯል፣ ወንበሩ ግን ያው ነው።

የዚያ ክፍል ሕግ የትም አልተጻፈም፤ ሁሉም ግን በቃሉ ያውቀዋል። ትልቁ ፎቶ የትልቁ ሰው ነው። ገበሬ ካለ ይሣቅ፤ ካልሣቀ ከድሮ ፎቶ ውስጥ የሣቀ ገበሬ ይፈለግ። በዴሳ ከተማ ላይ የተነሣ በሬ ለተበላ ከተማም ያገለግላል፤ በሬ ወረዳውን ግንባሩ ላይ አልጻፈ! ግራፍ ከሆነ ወደ ላይ ይውጣ፤ ቁጥሩ በኋላ ይደርሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ባዶ ቦታ እንዳይታይ። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ለገሰ ነጭ ቦታ ካዩ ያማቸዋል። «ይሄ ምንድን ነው ኤርካሎ? አበባ ነገር፣ በቆሎ ነገር ጣል አድርግበት እንጂ!» ይላሉ። ኤርካሎም ለዚሁ የሚሆኑ ሥዕሎች በአንድ ፎልደር አጠራቅሟል፤ የበቆሎ ራስ፣ የቡና ፍሬ፣ ብዕር፣ እርግብ።

መጀመሪያ መጀመሪያ ላይ ይከራከር ነበር። «አቶ ለገሰ፣ ፎቶም መተንፈሻ ይፈልጋል» ይል ነበር። ሰሚ ሲያጣ ተወው። ሰው ያልተሰማበትን ነገር ደጋግሞ ሲተው በመጨረሻ እሱ ራሱም አያምንበትም፤ ኤርካሎም እንደዚያ ሆነ።

ይህን ሙያ ያስያዘችው ታላቅ እህቱ ዘነቡ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ጡት የጣለ ሕፃን ነበር፤ እሷ ደግሞ ገና ራሷ ልጅ። አላገባችም፣ አልወለደችም። ቦዲቲ ገበያ ጎደሬና ቅቤ እየሸጠች አሳደገችው፤ ሶዶ ልካ ኮምፒውተር አስተማረችው። «ታ ናኣ» ነበር የምትለው፤ ልጄ ማለቷ ነው። እንሰት ስትፍቅ መፋቂያው ቆርጧት የቀኝ አውራ ጣቷ ጥፍር አልነበረውም፤ ከሩቅም ቢሆን በዚያ ጣት ትታወቅ ነበር።

የዛሬ ስምንት ዓመት ቦዲቲ ላይ የሴት አምራቾች ባዛር ተዘጋጀ። የክብር እንግዳ መጡ። ከድንኳን ድንኳን ሲዘዋወሩ ዘነቡ ዘንድ ቆሙና ትልቅ የጎደሬ ሥር አነሡ፤ እሷም ከባድ ነው ብላ በአንድ ጫፍ ያዘችላቸው። ምን እንዳሏት አይታወቅም፤ ሁለቱም ከት ብለው ሣቁ። የመሥሪያ ቤቱ ፎቶ አንሺ አብርሃም ያቺን ቅጽበት ያዛት። በዕድሜው ካነሣቸው ሁሉ ምርጡ ፎቶ ሳይሆን አይቀርም።

በማግስቱ ፎቶው የኤርካሎ ኮምፒውተር ላይ ተከፈተ። ልክ ሦስት ዐምድ ነበር። በግራ በኩል እንግዳው፣ መሐል ጎደሬው፣ በቀኝ ዘነቡ። አፏ እስከ ጥግ ተከፍቷል፤ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ የሉም። ሻሿ ተንሸራቶ ሽበቷ ወጥቷል። የሹራቧ ክርን ተቀዷል። ከኤርካሎ ወንበር ኋላ ጸሐፊዋ ሰብለ ቆማለች፣ አብርሃም ቆሟል፣ አቶ ለገሰም ሻይ ይዘው ቆመዋል።

«ይቺ ሴትዮ ደስ ስትል!» አለች ሰብለ። «ስሟን ልጻፍ እንዴ? የሚያውቃት አለ?»

ኤርካሎ ጆሮው ጋለ። አፉ ውስጥ የእህቱ ስም ነበር፤ ማውጣት ብቻ ነው። ስሟን ቢያወጣ ግን ወዳጆቹ ያንን ክርን፣ ያንን ድድ አይተው ወደ እሱ ሊዞሩ ነው።

«አላውቃትም» አለ።

ማንም ቁረጣት አላለውም። እሱ ራሱ ነው። የመቁረጫውን መስመር በጎደሬው አጠገብ አወረደና ቆረጣት፤ እጇ ብቻ ቀረች። መቁረጥ ብቻ ቢሆን መልካም። የቢሮው ኮምፒውተር ስለሞላ ኤርካሎ የቆረጠውን ፎቶ በዚያው በዋናው ስም የማስቀመጥ ልማድ ነበረው፤ ዋናው በዚያው ይጠፋል። አብርሃምም የካሜራውን ካርድ ለሌላ ሥራ ባዶ ካደረገው ሰዓታት አልፈዋል። አንድ ቁልፍ ሲጫን ዘነቡ ከዓለም ላይ ጠፋች።

ሦስት ዐምድ የነበረው ፎቶ ሁለት ሆነ፤ ሦስተኛው ዐምድ ነጭ ቀረ። አቶ ለገሰ ነጩን አይተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኤርካሎ ፎልደሩን ከፍቶ አንድ ቢጫ የበቆሎ ራስ አወጣና ከላይ እስከ ታች ዘረጋው። ገጹ አማረ ተባለ።

መጽሔቱን ወደ ቦዲቲ አልወሰደላትም። እሷ ግን ፎቶ መነሣቷን ታውቅ ነበርና ቀበሌ ሄዳ አንዱን ለምና አገኘች። ኤርካሎ ለበዓል ሲመጣ ገጹ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቆየው።

«አየኸው? ያች እጅ የኔ ናት» አለችው፣ ጣቷን እያሳየች። «ጣቱን እይ፣ ጥፍር የለውም። ለሰው ሁሉ ነገርኩ፤ ወንድሜ አወጣኝ አልኩ።»

እያሾፈችበት መስሎት ፊቷን ፈራ ተባ እያለ አየ። አላሾፈችም። ያን ጊዜ እግሯ ላይ ቢወድቅ ይቅር ትለው ነበር፤ እሱ ግን ስለ ዝናቡ አወራ። ሲወጣ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ነካ፣ ፎቶ ላንሣት ብሎ። «በሚቀጥለው ስመጣ፣ ጥሩ ልብስ ገዝቼላት» አለ ለራሱ። ልብሱን ገዛ። ፎቶውን ግን ከዓመት ዓመት ሲያስተላልፍ ስምንት ዓመት ሆነው።

ዘንድሮ በግንቦት ዘነቡ ከገበያ ገብታ አረፍ ልበል ብላ እንደተኛች ቀረች።

ቀብሩ በዕለቱ ተፈጸመ። ትልቁ ለቅሶ በሦስተኛው ቀን ነበር፤ ከየወረዳው ዘመድ የሚሰበሰብበት፣ የሟች ፎቶ በትልቁ ታትሞ ከፍ ተደርጎ በለቀስተኛው መሐል የሚዞርበት። ፎቶ የሌለው ለቅሶ ባዶ ነው፤ ሰው ወዴት እያየ ያልቅስ? ዘመድ ሁሉ ኤርካሎን ተመለከተ። «አንተ እያለህ ለፎቶ አንቸገርም» አሉት፤ ሥራው እኮ ነው።

ሶዶ ገብቶ ቢሮውን አተራመሰ። የአሮጌ ኮምፒውተሮችን ሆድ ዕቃ ሁሉ ዘረገፈ። አብርሃም ቤት ሄደ። አብርሃም ጸጉሩን እያከከ፣ «ኧረ ያቺን ሣቂታ ሴትዮ አስታውሳታለሁ። ምንህ ነበረች?» አለው። ኤርካሎ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። የራሱን የሠርግ አልበም ገለጠ፤ ዘነቡ የሠርጉን ቀን ሙሉ ከጓዳ አልወጣችም ነበር፤ አንድም ቦታ የለችም። የተረፈው የቀበሌ መታወቂያዋ ነው፤ በዚያ ላይ ማኅተሙ በዐይኗና በአፏ ላይ አርፏል።

ቁጭ ብሎ ሠራው። ማኅተሙ የሸፈነውን ዐይንና አፍ ሠራላት፣ ጥርስ አሟላላት፣ ሻሿን አስተካከለ። ስንት ሹም ያሳመረበት እጅ ነው! ሲጨርስ አንዲት የተከበሩ ወይዘሮ ከስክሪኑ ላይ ተመለከቱት። ኤርካሎ አላወቃቸውም። ሌላ ስላልነበረ ግን አሳተመው።

ለቅሶው ላይ ፎቶው ወጣ። ሴቶቹ ደረታቸውን ሊመቱ እጃቸውን አንሥተው ነበር፤ አዩት፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ፣ እጃቸውን አወረዱ።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አለች አንዲት አሮጊት ከፊት፣ ሰው ሁሉ እየሰማት።

ያን ጊዜ የዘነቡ ጎረቤት ወይዘሮ ዓመለወርቅ ተነሥታ ወደ ሟች ቤት ገባች። ስትመለስ ያን ገጽ ከግድግዳው ገንጥላ ይዛለች፤ ወረቀቱ ጢስ ጠግቦ ቡናማ ሆኗል። ከራሷ በላይ አነሣችው። «ዘነቡ! እጅሽ! እጅሽ እኮ ነው!» ብላ ጮኸች፤ ለቀስተኛውም በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ያቺ ጥፍር የሌላት ጣት ያልመዘነችለት፣ ያላጎረሰችው ሰው እዚያ አልነበረም። ታዲያ ገጹ ሲዞር እንግዳውም አብረው ዞሩ፤ ጎደሬውን እንደያዙ፣ ከት ብለው እየሣቁ፣ በሚያለቅሱት ሰዎች መሐል። በሌላ ቀን ቢሆን ኤርካሎ ቆርጦ ያወጣቸው ነበር። አሁን ግን ቢቆርጣቸው ጎደሬው ይቆረጣል፣ ጎደሬው ከተቆረጠ እጇም የለችም።

ሰው ሲበታተን ዓመለወርቅ አጠገቡ ተቀመጠችና ገጹን ሰጠችው።

«አስቀምጠው፤ እሷ በጣም ነበር የምትወደው» አለችው። «እኛ እኮ እንስቅባት ነበር። ‹ዘነቡ፣ እጅሽስ ይኸው፤ ፊትሽ የታለ?› እንላት ነበር። ምን ትለን ነበር መሰለህ? ‹ወንድሜ ቦታ ጠቦት ነው። ቦታ ቢኖረው መች ይተወኛል› ነበር የምትለው።»

ኤርካሎ ገጹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። ከእጇ ቀጥሎ፣ ፊቷ በነበረበት በሦስተኛው ዐምድ፣ የበቆሎው ራስ ከላይ እስከ ታች ተዘርግቷል። ቢጫው እስከ ዛሬ አልደበዘዘም።