የእማማ ታደሉ አተላና የፋብሪካው ናሙና

ሞኝነቴን ከእኔው አፍ ስሙት፤ ሌላ ሰው ካወራላችሁ ያጋንነዋል። ሰቆጣ ላብራቶሪ በተቀጠርኩ ቀን፣ «አሽትተህ ለየው» ሲሉኝ አፍንጫዬን ሽታው ራስ የሚያዞር የኤተር ጠርሙስ ውስጥ ነከርኩ። ደጅ አውጥተው ንፋስ ላይ አስቀመጡኝ። አለቃዬ ወይዘሮ ብዙነሽ፣ ከደብረ ታቦር ተመድበው የመጡ ኬሚስት፣ «በርበሬ መሰለህ? በእጅ እያራገቡ ነው የሚሸተተው» አሉኝ።

ሥራችን ለመድኃኒት ፋብሪካ የሚሆን ካይራል አልኮል መሥራት ነበር። እንደ ጫማ ነው፤ ሞለኪውሉ ግራና ቀኝ አለው። ፋብሪካው ግራውን ብቻ ይፈልጋል፤ ቀኙ ከተቀላቀለ በሽተኛ ሊጎዳ ይችላል። በለብታ ውሃና በስኳር ለሚፈላ የዳቦ እርሾ ኬቶን የሚባል ፈሳሽ ጠብ ጠብ እናደርግለታለን። እርሾው መርጦ ግራውን ይሠራል።

አንዴ እርሾ አለቀብን፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣውም ዘገየ። ናሙናው ግን አርብ መሄድ ነበረበት። ናሙና ከሌለ ውል የለም፤ ውል ከሌለ እኔም የለሁም፣ ኮንትራት ሠራተኛ ነበርኩ። ለማንም ሳልነግር ጎረቤቴ እማማ ታደሉ ጋ ሄድኩ፤ ጠላ ይጠምቃሉ፣ አተላው ውስጥ እርሾ አይጠፋም ብዬ።

«እማማ፣ አተላ ይስጡኝ።»

«ላም ገዛህ እንዴ?»

«የመሥሪያ ቤት ላም ናት።»

ኬቶኑን ጠብ ጠብ ሳደርግለት አተላው አረፋውን ሲያወጣ ብታዩት! አጣራሁ፣ አልኮሉን በኤተር ለይቼ አወጣሁት፣ ኤተሩን አተነንኩ። የቀረው እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። ኮራሁ።

አርብ ጠዋት ፖላሪሜትር ውስጥ ከተትኩት፤ ፈሳሹ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያዞር የሚለካ መሣሪያ ነው። ማዞር ካለበት ግማሹን ብቻ አዞረ። ቱቦውን አጥቤ ደገምኩ። መነጽሬን ጠረግኩ። ያው ግማሽ። አተላ ውስጥ እርሾ ብቻ አይደለም ያለው፤ ሌላው ጀርም ሁሉ ገብቶ ቀኙን ሠርቶልኛል።

ናሙናውን የሚወስደው ሾፌር በር ላይ ቆሟል። «ጋሼ፣ ጠርሙሱን ይስጡኝ እንጂ፤ ክርስትና ሊያነሱት ነው?»

የበፊቱ ትክክለኛ ቁጥር መዝገቡ ላይ ከፊቴ አለ። እሱን መገልበጥ ብቻ ነው። ልጆቼም ትዝ አሉኝ፣ የማላውቀው በሽተኛም።

ያነበብኩትን ጻፍኩ። ወይዘሮ ብዙነሽ ጋ ገብቼ ከነአተላው ተናዘዝኩ። ስልኩን አንስተው ወደ ፋብሪካው ደውለው «ናሙናችን ተበላሽቷል» አሉ። ሁለት ሳምንት እንጀራዬ ይቁም አይቁም ሳላውቅ ከረምኩ። ደግነቱ ፋብሪካው እርሾው እስኪመጣ ጠበቀን።

መሣሪያው ያሳየህን ነው የሚጻፈው፤ የተመኘኸውን አይደለም።

በኋላ ወይዘሮ ብዙነሽ ጠርተው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ፖላሪሜትሩን የምታነበው አንተ ነህ» አሉኝ። ደረቴን ነፍቼ ልወጣ ስል፣ «እርሾ ግን አትንካ» አሉ።