የሾኮ የልጅ ልጆች

የኮምፒውተር ኮድ እየጻፋችሁ ሳለ ከመስመሩ ሥር አንዲት ትንሽ እንስሳ ብቅ ብላ፣ ሥራውን ረስታችሁ በዓይናችሁ ተከትላችኋት ታውቃላችሁ? እኔ ባለፈው ሳምንት፣ እስራኤል አገር ረሖቮት ከተማ በማስተምርበት ክፍል፣ በአንዲት ተማሪዬ ስክሪን ላይ የምትንጎራደድ ዳክዬ አይቼ ስለ ምን እያስረዳሁ እንደነበር ጠፋኝ።

ለማያውቀው ላስረዳ። ኮድ በሚጻፍበት ፕሮግራም ላይ ለጨዋታ የሚጨመር የሥዕል እንስሳ አለ፤ ስትጽፉ ይራመዳል፣ ስታቆሙ ይተኛል፣ ሌላ ጥቅም የለውም። ልጅ ሳለሁ የእኔ አህያ ነበር። እናቴ ቂርያት ቫይዝማን በሚባለው የመሥሪያ ቤቶች ሰፈር ከምታጸዳው ቢሮ ሊጣል የነበረ ኮምፒውተር ይዛልኝ መጥታ፣ ቂርያት ሞሼ ሰፈር ባለው ጠባብ ሳሎናችን፣ ከአያቴ ወንበር አጠገብ አስቀመጥነው። በማትናሱ፣ ማለትም በሰፈራችን ማዕከል፣ የተማርኩትን ስለማመድ ግራጫው አህያ ጆሮውን እየነቀነቀ ከቃላቴ ሥር ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። ስሙን ሾኮ አልኩት፤ ሾኮ ትምህርት ቤት ከከረጢት የምንመጥጠው የቸኮሌት ወተት ነው።

አንድ ሕግ ግን ነበረው፦ ቀን ሙሉ ምንም ካልተጻፈ አህያው ከስክሪኑ ወጥቶ ይሄዳል፣ አይመለስም፣ በቦታው ሌላ ውርንጭላ ይመጣል። እኛ ቤት ደግሞ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጀምሮ እስከ ቅዳሜ ማታ ለሰንበት ሲባል ኮምፒውተር የሚነካ የለም። ሾኮ በመጣ በመጀመሪያው ዓርብ ላጣው ነው ብዬ ስጨነቅ ዋልኩና፣ ሰንበት ሊገባ ሲል ከወጥ ቤት የሽምብራ ጣሳ አምጥቼ የኪቦርዱ ረጅም ቁልፍ ላይ አስቀመጥኩ። ጣሳው ይጽፋል፣ አህያው ይራመዳል፣ እኔም ሰንበት አልሻርኩም። በስሌቴ ኮራሁ።

አያቴ ከጸሎት ሲመለሱ ሳሎኑ ደንገዝገዝ ብሎ አህያው ብቻ ያበራ ነበር። ጎንደር ሳሉ ሰንበት ከመግባቱ በፊት ጭነቱን ከአህያቸው ጀርባ አራግፈው፣ ውሃ አጠጥተው፣ ከዚያ በኋላ ነበር ለራሳቸው የሚታጠቡት። ስለዚህ በሰንበት የሚራመደውን አህያ ቆመው አዩት፣ አዩት። እናቴ ሥዕል እኮ ነው፣ ያላ፣ በሉ ቶሎ፣ ራት ይቅረብ አለቻቸው። እርሳቸው ግን፣ ሰንበት ገብቷልና፣ ማጥፋትም ማስጠፋትም አልቻሉም፤ ወንበራቸውን ወደ አህያው አዙረው፣ የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው ተቀመጡ። ቅዳሜንም ከጎኑ ዋሉ። እኔ ከእግራቸው ሥር ምንጣፉ ላይ ተጋድሜ፣ የአህያው እርምጃና የአያቴ ትንፋሽ አንድ እስኪመስሉኝ ድረስ፣ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ስንሳፈፍ ዋልኩ።

ሲመሽ በረንዳ ወጥተው ሰንበት መውጣቱን የሚያሳዩትን ከዋክብት አይተው ተመለሱና፣ "በይ አሁን አንሺለት" አሉኝ። ጣሳውን ሳነሳ ሾኮ ጉልበቱን አጥፎ ተኛ። በሚቀጥለው ሰንበት ካልተራመደ እንደሚጠፋ በዝርዝር አስረዳኋቸው። ሰምተው ጨረሱና፣ "ይሂድ ልጄ" አሉ። "ግን እኛ ቤት አርፎ ይሂድ።"

በሚቀጥለው ዓርብ ኮምፒውተሩን በገዛ እጄ አጠፋሁት። ቅዳሜ ማታ ስከፍተው ሾኮ የለም፤ እግሩ የሚብረከረክ ውርንጭላ ቆሟል። ማልቀስ ስጀምር አያቴ ጎንበስ ብለው፣ የጎረቤት ልጅ ደጃፋቸው ላይ ያገኙ ይመስል፣ "አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ?" አሉት። መልሱንም ራሳቸው ሰጡ፤ የሾኮ ልጅ ነውና ሸጋው ሾኮ ተባለ። ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ማታ የሚመጣውን ሁሉ የቀደመው ልጅ አደረግነው። በአገራቸው ለጋብቻ ዘር እንደሚቆጠረው እስከ ሰባት ቤት ያስቆጥሩኝ ነበር፤ ደጉ የሸጋው፣ ሸጋው የሾኮ እያልኩ ስሳሳት ከሥር ያስጀምሩኛል። እናቴ ከወጥ ቤት ሆና፣ ቤሰደር፣ እሺ፣ እንግዲህ ለአህያው ሙሽራ ፈልጉለት እያለች ትስቅብን ነበር።

የዛሬዎቹ የስክሪን እንስሳት አይሄዱም። ስንመለስ እዚያው ናቸው፤ የማን ልጅ እንደሆኑም የሚጠይቃቸው የለም። አያቴም የሉም። የአህዮቹን ዘር አሁንም ሳልሳሳት እቆጥራለሁ። የራሴን ስጀምር ግን አያቴ፣ የአያቴ አባት እልና እቆማለሁ፤ ከዚያ በላይ ያሉትን ስሞች የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

እናንተ ቤት እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ እባካችሁ፣ በሚመጣው ሰንበት አጠገባቸው ተቀመጡና ከአባታቸው ጀምራችሁ ወደ ላይ ጠይቁ። ብትሳሳቱ ከሥር ያስጀምሯችኋል።